በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት ጎማ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ዳገቱ ሲያልቅ ቁልቁለት፣ አስፋልቱ ሲያልቅ ኮብልስቶን ይቀበላል። ለእግረኛ ይህ ድካም ነው፤ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት በክንዱ ጉልበት ለሚዘውር አካል ጉዳተኛ ግን ገበያ የመውጣትና ቤት የመዋል ጉዳይ ነው።

በአንደኛው ዓይነት ተጓዡ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ተቀምጦ ከደረቱ ፊት ያሉትን እጀታዎች ያሽከረክራል፤ ካቴናው ጉልበቱን ለፊት ጎማ ያደርሳል። እነዚያው እጀታዎች መሪም ናቸው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። እንደ እግር ፔዳል አንዱ ላይ ሌላው ታች ሆነው ከተገጠሙ፣ አንዱ እጅ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ መሪውም በየዙሩ ግራና ቀኝ ይናጣል። ዳገት ላይ ይብሳል። መላው ርካሽ ነው፦ እጀታዎቹ የታሰሩበት ዘንግ ጫፍ አራት ማዕዘን ከሆነ ብሎኑን ፈትቶ አንዱን የእጀታ ክንድ መንቀል፣ ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ ማሰር። ሁለቱ እጆች አብረው ሲገፉ፣ አብረው ሲስቡ መሪው ይረጋል፤ ወገብም ያግዛል። እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ የአቴንስ ፓራሊምፒክ ወዲህ የሚወዳደሩት የእጅ ብስክሌቶችም እጀታቸው ጎን ለጎን ነው።

ቀጥሎ ወንበሩ ነው። የኋላ ጎማዎቹ በ70 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው፣ ሦስት አራተኛው ክብደት እነሱ ላይ አርፎ፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 5 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አንዱ ጎማ መነሣት ይጀምራል። ማዕከሉ ወደ 60 ሲወርድ ገደቡ ወደ 17 ከፍ ይላል። ወንበሩን ወደ ኋላ መግፋትም ከመገልበጥ ያድናል፤ ግን የፊት ጎማው ይቀልና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ በባዶ ይሽከረከራል። ስለዚህ እኔ ወንበሩን ከመግፋት ዝቅ ማድረግን እመርጣለሁ፣ ባለቤቱ ከወንበሩ ለመነሣት እስካልተቸገረ ድረስ። ዝቅ ብሎ መጓዝን የሚንቅ ካለ ፈረንሳዊውን ፍራንሲስ ፎርን ያስብ፦ እ.ኤ.አ. በ1933 ቻርልስ ሞሼ በሠራው፣ ተንጋለው በሚነዱት ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ከ55 ሜትር ነድቷል። በዓመቱ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ያን ዓይነት ብስክሌት ከውድድር አገደ፤ ለእኔ በጣም የሚያሳዝን ውሳኔ ነው።

ለቁልቁለት ደግሞ ፍሬን። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ የሚይዝ ፍሬን ብስክሌቱን ወደዚያው ጎን ይጎትተዋል። ሽቦው ሁለቱንም እኩል መሳብ አለበት፤ መጭመቂያውም እዚያው እጀታው ላይ ይሁን፣ እጅ እንዳይለቅ። ዳገት ላይ ቆሞ ለማረፍ ፍሬኑን ጨምቆ የሚይዝ መቆለፊያም ያሻል። በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ይህን ሁሉ ይችላል፤ ልኩን ግን ባለቤቱን አስቀምጦ ይውሰድ።