አንድሮሜዳ፦ የልጅ ስም፣ የሰማይ ስም፣ የቁጥቋጦ ስም

በኅዳርና በታኅሣሥ እህሉ አውድማ ላይ ሲከመር፣ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ክምሩን እየጠበቀ ውጭ ያድራል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ታዲያ በዚያ ሌሊት ቀና ስትሉ፣ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ» የተባለች ሴት ስም ከበላያችሁ እንዳለ ታውቃላችሁ?

ስሟ አንድሮሜዳ ነው። ነገሩ የጥንት ግሪኮች ተረት ነው። አባቷ ኬፊየስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ እናቷ ካሲዮፒያ ንግሥት ነበሩ ይላል። ግሪኮች ኢትዮጵያ ይሉ የነበረው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ስለሆነ፣ የዛሬዋን አገራችንን ብቻ ማለታቸው አይደለም። እናትዮዋ «ከባሕር ቆነጃጅት እንበልጣለን» ብላ ተመካች። የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አገር የሚያጠፋ አውሬ ላከ። አባት መላ ቢጠይቅ «ልጅህን ለአውሬው ስጥ» ተባለ። እሷን የጠየቃት የለም። ባሕር ዳር ካለ ቋጥኝ ጋር በሰንሰለት ታሰረች። በኋላ ፐርሲየስ የሚባል ጎበዝ አውሬውን ገድሎ አዳናት። አጥፊዋ እናት፣ ተቀጪዋ ልጅ!

ግሪኮች እነዚህን ስሞች ለከዋክብት ሰጧቸው። በኅዳር መጨረሻ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ጨረቃ በሌለችበት ቀን ፊታችሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ በኩል አዙሩ። ንጉሡ «ሠ» ተገልብጦ የተጻፈ የሚመስሉ አምስት ከዋክብት ታያላችሁ። ካሲዮፒያ ማለት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ከፍ ብሎ አንድሮሜዳ አለች። እዚያው እንደ ስስ ጉም የምትታይ ነጠብጣብ አለች። ጉም ግን አይደለችም፤ እጅግ ብዙ ከዋክብት በአንድነት የተከማቹባት ናት። የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። የዚያች ግን 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

ቁጥቋጦውስ? እ.ኤ.አ. በ1732 ካርል ሊኒየስ የሚባል የስዊድን ሊቅ ወደ ሰሜን አውሮፓ ተጓዘ። እዚያ ረግረግ ውስጥ ሥሩ ውሃ የከበበው፣ አበባው ሮዝ የሆነ ትንሽ ቁጥቋጦ አየ። «ይህስ በባሕር መካከል የታሰረችውን ልጅ ይመስላል» ብሎ አንድሮሜዳ አለው።

ይህ ቁጥቋጦ በእኛ አገር አይበቅልም። ዘመዱ ግን አለ። በስሜን ተራሮች የምታውቁት፣ ለማገዶ የምትቆርጡት አስታ ከዚያው ከአንድሮሜዳ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። የሁለቱም አበባ ትንሽ ቃጭል ይመስላል። አስታን በሳይንስ ኤሪካ አርቦሪያ ይሉታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህ ስሞች ዓለምን የዞሩት ስለተጻፉ ነው። የእናንተም አባቶች ለኮከቡም ለቁጥቋጦውም ስም አላቸው። ያ ስም ካልተጻፈ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። አስታውም እየተቆረጠ ካለቀ፣ ልጆቻችን ስሙን እንጂ ዛፉን አያዩም። አሁን ፊደል አውቃችኋል፤ ጻፉት።

ጥያቄዎች
1. አንድሮሜዳ የታሰረችው በማን ጥፋት ነው?
2. አስታና አንድሮሜዳ በምን ይመሳሰላሉ?
3. በመንደራችሁ የሚታወቁ ሦስት የከዋክብትና ሦስት የዕፅዋት ስሞችን ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።