ሞዴል መኪና ሲያንጸባርቅ፦ የቀለም ቅቡ ጥበብና የሥራ ክፍሉ አደረጃጀት

ሞዴል መኪና በጎዳና ላይ የሚሄደው መኪና ቅርጹና ዝርዝሩ ሳይጓደል በተወሰነ ልኬት አንሶ የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በሣጥን ታሽገው ከሚሸጡ የፕላስቲክ ክፍሎች በእጅ ተገጣጥሞና ተቀብቶ ይጠናቀቃል። ልኬቱ በንጽጽር ቁጥር ስለሚነገር፣ 1፡24 የሚል ጽሑፍ ያለበት ሣጥን የያዘው ሞዴል ከእውነተኛው መኪና 24 ጊዜ ያነሰ ነው፤ በዚህ ስሌት 4.5 ሜትር ርዝመት ያለው መኪና ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። የጃፓንና የአውሮፓ አምራቾች በአብዛኛው ይህንኑ ልኬት ሲከተሉ፣ የአሜሪካ አምራቾች 1፡25ን፣ የፎርሙላ ዋን ተሽከርካሪዎችን የሚሠሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ 1፡20ን ይመርጣሉ።

ሙያው ከመኪና ንግድ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ መኪና ሻጮች የዓመቱን አዲስ መኪና ለደንበኞቻቸው ለማስተዋወቅ ተገጣጥመው ያለቁ ትንንሽ የፕላስቲክ መኪናዎችን ያድሉ ነበር። እነዚህን ከሚያመርቱት አንዱ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1948 በሚሺጋን የተቋቋመው ኤ.ኤም.ቲ. በ1958 ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን፣ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ በባለቤቱ ምርጫ እንደተለወጠ ወይም ለእሽቅድድም እንደተዘጋጀ መኪና አድርጎ ሊሠራው የሚችለውን ሣጥን ለገበያ አቀረበ። በጃፓን ደግሞ በ1946 በሺዙኦካ በእንጨት ንግድ ሥራውን የጀመረው ታሚያ በ1960 ወደ ፕላስቲክ ሞዴል የተሸጋገረ ሲሆን፣ ሃሴጋዋ፣ ፉጂሚና አዮሺማም መቀመጫቸውን በዚያው በሺዙኦካ ስላደረጉ አካባቢው የሙያው ማዕከል ሆኗል።

ከአውሮፕላንና ከታንክ ሞዴሎች ይልቅ የመኪና ሞዴል ሠሪውን የሚፈትነው ቀለሙ ነው። ታንክ ደብዛዛና አቧራ የለበሰ ሆኖ ቢቀባ ያምርበታል፤ መኪና ግን መስታወት መምሰል ይኖርበታል። ብዙ ጀማሪዎች ይህ ውበት ከውድ ቀለም የሚገኝ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን ከቀለሙ ዋጋ ይልቅ ከገጹ ልስላሴ ጋር የተያያዘ ነው። ብርሃን ፍጹም ለስላሳ በሆነ ገጽ ላይ ሲያርፍ በአንድ አቅጣጫ ስለሚመለስ ዐይን በገጹ ላይ የሌላውን ነገር ምስል ያያል፤ ገጹ ጥቂት እንኳ ከሻከረ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ተበትኖ ምስሉ ይደበዝዛል። በዚህም ምክንያት የአንጸባራቂ ቅብ ሥራ የሚጀምረው የቀለሙ ክዳን ከመከፈቱ በፊት ነው፤ የሚያልቀውም ቀለሙ ከደረቀ ከብዙ ቀናት በኋላ ነው።

ልኬቱ ሥራውን ያከብደዋል። በእውነተኛ መኪና ላይ ያለው የቀለም ንጣፍ ጠቅላላ ውፍረት ወደ 100 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ይህ በ24 ሲካፈል ወደ 4 ማይክሮሜትር ይወርዳል፣ ያንን ያህል የሳሳ ሆኖ ገጹን በሙሉ የሚሸፍን ቅብ ደግሞ በእጅ ሥራ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ የሞዴሉ ቀለም ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ወፍራም በመሆኑ በበርና በፓርፋንጎ፣ በኮፈንና በመስታወት ሥር መካከል ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ሊሞላቸው ይችላል። ልምድ ያለው ሠሪ ይህን አስቀድሞ በማወቅ መስመሮቹን በሹል መጫሪያ ጠለቅ ያደርጋቸዋል። የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫው ሁለት ክፍሎች በተጋጠሙበት ቦታ ላይ በቦዲው ዙሪያ የቀረውን ስስ ጠርዝም በብርጭቆ ወረቀት ያጠፋዋል፤ ይህ ጠርዝ በባዶ ፕላስቲክ ላይ እምብዛም የማይታይ ቢሆንም በሚያንጸባርቅ ቀለም ሥር እንደ ጠባሳ ጎልቶ ይወጣል።

ቦዲው ቅባት እንዳይኖረው በሳሙና ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር እንዲጣበቅ የሚያደርገውና ጭረቶችን የሚያጋልጠው የመሠረት ቅብ፣ ይረጭበታል። የመሠረቱ ቀለም በላዩ የሚመጣውን ስለሚለውጥ ለቢጫና ለደማቅ ቀይ ነጭ መሠረት ይመረጣል። ፕላስቲኩ ራሱ ቀይ ከሆነ ግን የፕላስቲኩ ቀለም በቲነር (በቀለም ማቅጠኛው ፈሳሽ) ሟሙቶ ወደ ላይ ሊወጣና ነጩን ሮዝ ሊያደርገው ስለሚችል፣ በመካከል የብርማ ቀለም ንጣፍ እንደ አጥር ይቀመጣል።

ለዋናው ቅብ በሠሪዎች ዘንድ ይበልጥ የሚወደደው ላከር የተባለው፣ በውስጡ ያለው ጠንካራ ቲነር ሲተን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ነው። እውነተኛዎቹ መኪናዎችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ዱፖንትና ጄኔራል ሞተርስ ዱኮ የተባለውን ላከር ሥራ ላይ ባዋሉ ጊዜ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የመኪና ቅብ በእጅጉ አጥሯል። ላከር ከደረቀ በኋላ መታሸትና መወልወል መቻሉ ለሞዴል ሠሪው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ቲነሩ ፕላስቲክን ስለሚበላ ግን በአንድ ጊዜ በብዛት መረጨት የለበትም። ቀለሙ በስፕሬይ ጣሳ ወይም በኤርብረሽ፣ ማለትም አየርን ከቀለም ጋር ቀላቅሎ እንደ ጉም በሚረጭ ብዕር መሰል መሣሪያ፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ፣ በመጨረሻም ረጠብ ብሎ ራሱን እስኪያስተካክል ድረስ ይረጫል።

በዚህ ደረጃ የሚከሰቱት ሦስቱ የታወቁ ጉድለቶች መንስኤያቸው ግልጽ ነው። ጠብታዎቹ ገጹ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ወይም ገና ሳይዋሐዱ ከደረቁ ገጹ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ በአንድ ቦታ ላይ ከበዛ ቀለሙ እንደ እንባ ይወርዳል። አየሩ እርጥበት በበዛበት ቀን ደግሞ ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው ውሃ በላዩ ይቋጥርና ቀለሙ ነጣ ብሎ ይደበዝዛል። ዝናባማ ቀን ለዚህ ሥራ አይመችም፤ መጠበቅ ከማበላሸት ይሻላል።

ብረታማ ቀለም የራሱ ምሥጢር አለው። ለእውነተኛ መኪና የተዘጋጀው ቀለም በውስጡ የያዛቸው የአሉሚኒየም ቅንጣቶች በሞዴል ላይ ሲቀቡ 24 ጊዜ ተለቅ ብለው ይታያሉ፤ ስለዚህ ከጋራዥ የመጣ ቀለም ምንም እንኳ በትክክል የዚያው መኪና ቀለም ቢሆን በትንሿ መኪና ላይ የተፈጨ ብርጭቆ የተነሰነሰበት ይመስላል። ለሞዴል ተብለው የሚፈጩ ቀለሞች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ቀለሙ ላይ ቀለም የሌለው መሸፈኛ ላከር ከተረጨና ለሳምንት ያህል ከጠነከረ በኋላ የመጨረሻው ማለስለስ ይከተላል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅንጣቱ የሚደቅቀውን ብርጭቆ ወረቀት፣ ለምሳሌ 2000፣ ከዚያም ይበልጥ የላሙትን፣ ሳሙና በገባበት ውሃ እየነከሩ በቀስታ ማሸት የብርቱካኑን ልጣጭ ያጠፋል፤ ገጹ በዚህ ጊዜ ፈዝዞ መታየቱ ሠሪውን ሊያስደነግጠው አይገባም፤ በሦስት ደረጃ እየላመ የሚሄድ የመወልወያ ቅባት ብርሃኑን ይመልሰዋል። ቀለም ከሹል ጠርዝ ስለሚሸሽ በዚያ ያለው ንጣፍ ስስ ነው፤ ጠርዞቹን በመሸፈኛ ፕላስተር ጠብቆ ማሸት አስተዋይነት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሳካው ግን ክፍሉ ሲፈቅድ ነው፤ ክፍሉ ራሱ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ተደርጎ መቆጠር ይገባዋል። ፕላስቲክ የሚታሽበትና የሚቆረጥበት ቦታ ከመርጫው ቦታ መራቅ አለበት፤ የታሸ ፕላስቲክ ብናኝና የልብስ ሱፍ ያልደረቀ ላከር ላይ ካረፉ የሚወጡት በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነውና። ከመርጨት በፊት ወለሉን በውሃ ርጭት ማራስና የተረጨውን ቦዲ ወዲያው በንጹሕ ሣጥን መክደን አቧራውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። አንዳንዶች ለፍራፍሬ ማድረቂያ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ዕቃ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለማድረቂያነት ይጠቀሙበታል፤ ሙቀቱ ከዚህ ብዙ ከጨመረ ስሱ ፕላስቲክ ሊጣመም ይችላል። ለኤርብረሹ አየር የሚያቀብለው ኮምፕሬሰር የአየር ማጠራቀሚያ ጋን ቢኖረው ግፊቱ አይዋዥቅም፤ በቱቦው ላይ የሚገጠመው የውሃ ማጥመጃም ጠብታ ከቀለሙ ጋር እንዳይወጣ ያግዳል።

ስለ ጤና የሚነገረው በቸልታ መታለፍ የለበትም። የላከር ጋዝ ይመርዛል፣ በእሳትም ይያያዛል፤ ስለሆነም ቀለም በሚረጭበት ክፍት ሣጥን ጀርባ ያለው ማራገቢያ አየሩን በቱቦ ከቤት ውጭ ማስወጣት አለበት እንጂ አጣርቶ ወደ ክፍሉ መመለሱ አይበቃም፤ የማራገቢያው ሞተርም ብልጭታ የማያወጣ መሆን ይኖርበታል። ተራ የአቧራ ጭንብል ጋዝን አያስቀርም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው ባለ ሁለት ውህድ መሸፈኛ ምንም እንኳ ያለ ውልወላ የሚያበራ ቢሆን፣ ማጠንከሪያው ሳንባን ለዘለቄታው ሊጎዳ የሚችል አይሶሳያኔት ስላለው፣ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያቀብል ጭንብል በሌለበት የመኖሪያ ቤት ሊረጭ አይገባም።

የክፍሉ መብራት የቀን ብርሃንን የሚመስል ቢሆን የቀለሙ እውነተኛ ገጽታ አይለወጥም፤ ከጠረጴዛው በላይ አንድ ረጅም ቀጥ ያለ ቱቦ አምፖል መስቀል ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው። ያለቀው ቦዲ በሥሩ ቀስ እየተባለ ሲዞር የአምፖሉ ነጭ መስመር ከኮፈኑ ተነሥቶ በጣሪያው ላይ እስከ ኋላው ፓራውልት ድረስ ይሮጣል፤ መስመሩ በተንቀጠቀጠበት ቦታ ላይ ብርጭቆ ወረቀቱ ገና ሥራውን አልጨረሰም።