የታይመርና የኮምፒውተር ግንኙነት መዘግየት

ፓነል ላይ የሚገጠም ተራ ታይመር ከኮምፒውተር ጋር ጉዳይ የለውም፤ በእጅ ይስተካከላል፣ ሞተር ያስነሳል፣ ያጠፋል። የመዘግየት ጥያቄ የሚነሳው ታይመሩ የመገናኛ መስመር ኖሮት ንባቡን ለኮምፒውተር ሲልክ ነው። ለምሳሌ ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ የሚገኙባት ከተማ ናት፤ በእንዲህ ያለ ኢንዱስትሪ ማጣራትም ሆነ ማሸግ በጊዜ የተለካ ቅደም ተከተል ይጠይቃል። ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ ባሉ ቢሮዎች ደግሞ ሰዓት ይዞ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ሲባል በብዛት የሚታወቀው የሠራተኛን መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመዘግበው የጣት አሻራ ማሽን ነው።

ግንኙነቱ ሲዘገይ ቀድሞ የሚታማው ኮምፒውተሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለ ጥፋቱ ነው። በፋብሪካ የተለመደው ሞድበስ የሚባለው የመገናኛ ሥርዓት በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን አሠራሩ ጥያቄና መልስ ነው፤ ኮምፒውተሩ በየተራ ይጠይቃል፣ የተጠየቀው ብቻ ይመልሳል። በሰከንድ 9600 ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ የአንድ ታይመር ንባብ፣ በመሃል ካለው ዝምታ ጋር፣ ወደ 25 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። 10 ታይመሮች ቢኖሩ ዙሩ በሩብ ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ከአሥሩ አንዱ ቢጠፋ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሶፍትዌሩ ለአንድ መልስ 1 ሰከንድ የሚጠብቅና ሦስት ጊዜ የሚሞክር ከሆነ በየዙሩ 3 ሰከንድ ይባክናል፤ ዘጠኙ ደህና ታይመሮችም የዘገዩ ይመስላሉ። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ሁሉንም ነቅሎ አንዱን ብቻ መጠየቅ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መጨመር። መስመሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ኮንቬርተር ላይ ያለው የመላኪያ መብራት ብልጭ ብሎ የመቀበያው ዝም ካለ፣ መልስ የነፈገው መሣሪያ ተገኘ ማለት ነው። የመስመሩ ፍጥነት በሁለቱ ወገን ካልተመሳሰለ ግን የሚታየው መዘግየት ሳይሆን ዝምታ ወይም ዝብርቅርቅ ፊደል ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የዩኤስቢ ኮንቬርተሩ ነው። በኤፍቲዲአይ ቺፕ የሚሠሩት፣ ድራይቨራቸው ካልተነካ፣ አጭር መልስን እስከ 16 ሚሊ ሰከንድ ይዘው ያቆያሉ። በአንድ ንባብ እዚህ ግባ አይባልም፤ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ለሚጠይቅ ሶፍትዌር ግን ከባድ ነው። በፖርቱ ማስተካከያ ውስጥ ቁጥሩን ወደ 1 ማውረድ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ የዩኤስቢ ፖርቱን እንዳያስተኛውም መከልከል ያሻል።

ሽቦው የራሱ ሕግ አለው። አርኤስ-232 የሚባለው የመስመር ዓይነት ለ15 ሜትር ገደማ፣ አርኤስ-485 የሚባለው እስከ 1200 ሜትር ያገለግላል፤ የኋለኛው ረጅም ሲሆን በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል። ከሞተር ኬብል ጋር አብሮ የተጎተተ የመረጃ ሽቦ ጫጫታ ይለቅማል፤ የተበላሸ መልእክት በተደገመ ቁጥር መስመሩ ይዘገያል። የጎጃም ክረምት መብረቅም አይረሳም፦ ጨርሶ ያልተቃጠለ፣ ግማሽ ጎኑ የተጎዳ መሣሪያ ሌሎቹንም ይረብሻል።

የጣት አሻራ ማሽን ሲዘገይ አብዛኛውን ጊዜ የተጠራቀመ መዝገብ ነው ምክንያቱ። አንዳንዱ ሶፍትዌር የዛሬውን ለማውጣት የዓመታቱን ሁሉ ይጭናል፤ መዝገቡን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ማሽኑን ማጽዳት ያቃልለዋል። ሁለት መሣሪያዎች አንድ የኔትወርክ አድራሻ ሲይዙም ግንኙነቱ ይቆራረጣል። በማሽኑና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ልክ 6 ሰዓት ከሆነ ግን መስመሩን መነካካት ከንቱ ድካም ነው፤ አንዱ በሐበሻ ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት ተሞልቷል።

ሁሉም ተፈትሾ ቀሪው መዘግየት አሁንም ሥራ የሚያበላሽ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው በሥርዓቱ ንድፍ ላይ ነው። ቫልቭ የሚዘጋበትን ሰከንድ መቁጠር ያለበት ታይመሩ ራሱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውጤቱን ቢያነብና ቢመዘግብ ይበቃዋል።