መንገዱ ሲሰፋ ሱቅዎ ቢነሳስ?

ዋሽንግተንን የሚዞረው ቤልትዌይ በቨርጂኒያ በኩል ሰፍቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲከፈት፣ ወጪው ከክፍለ ግዛቱ፣ ከግል ኩባንያዎችና ከፌዴራል ብድር የተውጣጣ ነበር። የፌዴራል ገንዘብ በገባበት እንዲህ ባለ ሥራ መንገዱ ሱቅዎን የሚያስነሳ ከሆነ፣ የ1970ው የመልሶ ማቋቋሚያ ሕግ ተከራይንም ይጠብቃል። ተገቢው የማጓጓዣ ወጪ ይከፈልዎታል፤ ከመልቀቅዎ በፊትም ቢያንስ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ሊደርስዎ ይገባል። ወሬ ሰምተው ቀድመው ከለቀቁ ግን ክፍያውን ሊያጡ ይችላሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ያድርጉ፦ እቅዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ በሚጠራው የሕዝብ ስብሰባ ይገኙ፤ ካሣው ለባለንብረቱ ብቻ ነው የሚል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ከኪራይ ውልዎ ይመልከቱ፤ የዕቃዎን ዝርዝርና ደረሰኞችዎን ያስቀምጡ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ላይከፈልዎ ይችላል።