ከበር ደፍ ወደ ጠረጴዛ፦ የኢምቦልክ በዓል የቤት መሠዊያ ከምን ተሠራ?

 

ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ስፋቱ ከአንድ መደርደሪያ አይበልጥም። በብሪታንያ፣ በአየርላንድ፣ በሰሜን አሜሪካና በሌሎችም አገሮች ራሳቸውን «ፓጋን» ብለው የሚጠሩ ሰዎች በየዓመቱ ጃንዋሪ 31 ማታ፣ በእኛ አቈጣጠር ጥር 23 ገደማ፣ ኢምቦልክ የተባለውን የጸደይ መባቻ በዓል ለመቀበል በቤታቸው መሠዊያ ያሰናዳሉ። ቍጥራቸው ብዙ አይደለም፤ በ2021 በተካሄደው የእንግሊዝና የዌልስ ሕዝብ ቈጠራ ሃይማኖታቸውን «ፓጋን» ብለው ያስመዘገቡት ወደ 74,000፣ «ዊካ» ያሉት ደግሞ ወደ 13,000 ነበሩ። (በዚህ ገለጻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጉዳዩ ለሥርዓት ጥናት ያለው ጠቀሜታ ግን ከቍጥሩ ይበልጣል፤ አንድ ሥርዓት ከመዛግብት ተነሥቶ እንዴት እንደሚገነባ ደረጃ በደረጃ መከተል የምንችልበት ብርቅ አጋጣሚ ነውና።

ክርክሬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። በዚህ መሠዊያ ላይ የሚቀመጡት ዕቃዎች አብዛኞቹ ከገበሬ ቤት የመጡ ናቸው፤ መሠዊያው ራሱ ግን ከገበሬ ቤት አልመጣም። የአየርላንድና የስኮትላንድ ገበሬ ቤተሰብ በበር ደፍ፣ በመስኮት፣ በምድጃና በበረት ያከናውነው የነበረውን ሥርዓት ሃያኛው ክፍለ ዘመን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሰበሰበው። ስለዚህ «ጥንታዊ ነው ወይስ የፈጠራ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምደንም። ዕቃዎቹ ከየቦታቸው ተነሥተው በአንድ ሥፍራ ሲቀመጡ ምን ተለወጠ? የእኔ ጥያቄ ይህ ነው።

ሁለት ቃላት አስቀድመው መጥራት አለባቸው። «መሠዊያ» የሚለው ቃላችን ሠዋ ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ አንባቢን ወደ መታረድና ወደ ደም ይመራዋል። በኢምቦልክ መሠዊያ ላይ የሚታረድ ነገር የለም፤ ወተትና ቂጣ ቢቀመጡበት ነው። የተሻለ ቃል ስላላገኘሁ እጠቀምበታለሁ፤ እናንተ ግን የግሱን ትርጕም ለጊዜው እርሱት። «ፓጋን» ደግሞ ከላቲን የመጣ፣ በመነሻው የገጠር ሰው ማለት የነበረ፣ ኋላም ክርስቲያኖች ክርስቲያን ያልሆነውን የጠሩበት ቃል ነው። በእኛ «አረማዊ» ብለን ብንተረጕመው ስድብ ሆኖ ይቀራል። እነርሱ ግን ቃሉን ወደው ለራሳቸው ወስደውታልና እንዳለ እተወዋለሁ።

ከመሠዊያው እንጀምር። በየመመሪያ መጻሕፍቱ ላይ የሚገኘው ገጽታ ይህን ይመስላል፦ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ፤ መካከሉ ላይ ነጭ ሻማ፤ አንድ ሳሕን ወተት፤ አንድ ሳሕን ውኃ፤ ከቄጠማ የተጐነጐነ ባለ አራት ክንፍ የብሪጂድ መስቀል፤ ከገለባ የተሠራች ትንሽ አሻንጉሊት በቅርጫት ውስጥ፤ ስኖውድሮፕ የምትባለው በረዶ ሳይለቅ የምታብብ ነጭ አበባ። ብዙዎች በዚህ ላይ ጨው ወይም ድንጋይ ለምድር፣ ዕጣን ለአየር ይጨምሩና አራቱን ባሕርያተ ዓለም በአራቱ ማዕዘን ያስቀምጣሉ። እሳት በተከለከለበት የኪራይ ክፍል የሚኖር ተማሪ በባትሪ የሚበራ ሻማ ያስቀምጣል፤ ይህም በመመሪያዎቹ የተፈቀደ ነው።

አሁን ወደ ምንጮቹ እንሂድ። ኢምቦልክ በጥንታዊው የአየርላንድ ሥነ ጽሑፍ ዓመቱን ከሚከፍሉት አራት ዕለታት አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። በ900 ዓ.ም. አካባቢ የተጠናቀረውና በ908 በጦርነት ለወደቀው ለንጉሥና ጳጳስ ኮርማክ ማክ ኩሌናን የሚሰጠው መዝገበ ቃላት የበዓሉን ስም ከበግ ወተት ጋር ያያይዘዋል። የዘመናችን የቋንቋ ሊቃውንት ስሙን በሌላ መንገድ ይፈቱታል፤ ከፍቺዎቹ አንዱ «በሆድ ውስጥ» የሚል ነው። በሁለቱም ብንሄድ የምንደርሰው በጎች ወደሚወልዱበትና ወተት ወደሚመለስበት ወቅት ነው። ክረምቱን ሙሉ ላሞቹ ለነጠፉበት ቤት የመጀመሪያው ወተት ምን ማለት እንደ ነበር ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዓመቱን ሙሉ ወተት ከሱቅ ለሚገዛ ሰው ግን ያው ሳሕን ሌላ ነገር ይናገራል።

ያው መዝገበ ቃላት ብሪጊት ስለምትባል አምላክ ይነግረናል፤ ባለቅኔዎች የሚያመልኳት፣ የዳግዳ ልጅ፣ አንዷ በሕክምና ሌላዋ በአንጥረኝነት የሚታወቁ ሁለት ስመ ሞክሼ እኅቶች ያሏት። ዘመናዊ ፓጋኖች መሠዊያቸውን የሚያሰናዱት ለዚህች አምላክ ነው። እዚህ ላይ ግን ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አንድ የዘመን ቅደም ተከተል አለ። የኪልዴሯ ቅድስት ብሪጂድ ገድል፣ ኮጊቶሰስ የተባለው መነኵሴ የጻፈው፣ የሰባተኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። እንግዲህ በእጃችን ባለው ጽሑፍ ቅድስቲቱ አምላኪቱን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ትቀድማታለች፤ የአምላኪቱንም ስም ያቈዩልን ክርስቲያን ጸሓፍት ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ አምላኪቱ አልነበረችም ማለት አይቻልም፤ ጽሑፍ ከእምነት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ከክርስትና በፊት በኢምቦልክ ምን ይደረግ እንደ ነበር የሚገልጽ አንድም ምስክርነት የለንም። የታሪክ ምሁሩ ሮናልድ ሃተን በ1996 ባሳተመው የብሪታንያ ዓመታዊ በዓላት ታሪክ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል።

ታዲያ የገለባዋ አሻንጉሊት፣ መስቀሉና ጨርቁ ከየት መጡ? ከካቶሊክና ከፕሮቴስታንት ገበሬዎች ቤት። በ1935 የተቋቋመው የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን በ1942 ስለ ብሪጂድ በዓል መጠይቅ በአገሪቱ አሰራጭቶ ነበር፤ መልሶቹ ዛሬ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጠብቀው ይገኛሉ። ከእነዚህ መልሶች ከሁሉ ይልቅ የሚስበኝ የደፉ ሥርዓት ነው። በዋዜማው ምሽት ከቤተሰቡ አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ ልጃገረድ፣ ከረግረግ የተነቀለ ቄጠማ ታቅፋ ከደጅ ትቆማለች። ቄጠማ ያልሁት በግምት ነው፤ ተክሉ የእኛው አይደለም፣ አበቃቀሉና ለበዓል መዋሉ ግን ይመሳሰላል። ልጅቱ ብሪጂድን ሆና ተንበርክከው እንዲቀበሏት፣ በሩንም እንዲከፍቱላት ሦስት ጊዜ ትጣራለች፤ ውስጥ ያሉት በየጊዜው የእንኳን ደኅና መጣሽ መልስ ይሰጣሉ። በሦስተኛው ትገባለች። ቄጠማው ከማዕዱ ሥር ይቀመጣል፤ አዲስ የተናጠ ቅቤ በተጨመረበት ድንች እራት ይበላል፤ ከእራት በኋላ ቤተሰቡ በዚያው ቄጠማ መስቀሎቹን ይጐነጕናል። አንዱ ከበሩ በላይ፣ አንዱ በበረቱ ይሰቀላል። በዚያው ሌሊት ከመስኮት ወይም ከቍጥቋጦ ላይ አንድ ቍራጭ ጨርቅ ወይም ጥብጣብ ይሰቀላል፤ ብሪጂድ ስታልፍ ትባርከዋለች። ጠዋት ተሰብስቦ ዓመቱን ሙሉ ለራስ ምታት፣ ለምትወልድ ሴትና ለምትወልድ ላም መድኃኒት ሆኖ ይቀመጣል።

ቅርጫቱና አሻንጉሊቱ ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች የመጡ ናቸው። ማርቲን ማርቲን በ1703 ባሳተመው የደሴቶቹ ገለጻ እመቤቲቱና ሠራተኞቿ አንድ ነዶ አጃ የሴት ልብስ አልብሰው በትልቅ ቅርጫት እንደሚያስተኙ፣ አጠገቡም የእንጨት ዱላ እንደሚያኖሩ፣ ይህም የብሪድ አልጋ እንደሚባል ጽፏል። ሦስት ጊዜ ጠርተዋት ይተኛሉ፤ ጠዋት ተነሥተው የምድጃውን አመድ ይመረምራሉ። የዱላው አሻራ በአመዱ ላይ ከታየ ዓመቱ የጥጋብ ነው፤ ካልታየ ያዝናሉ። እንግዲህ በዚያ ቤት የሥርዓቱ ፍጻሜ አልጋው አልነበረም፤ አመዱ ነበር። ቤተሰቡ መልስ ይጠብቅ ነበር፤ መልሱም «አይሆንም» ሊል ይችል ነበር።

ጠረጴዛው ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። አራቱን ባሕርያት በአራቱ ማዕዘን የማስቀመጥ ልማድ በ1888 ለንደን ውስጥ እንደ ተመሠረተው ወርቃማው ንጋት ካሉ የከተማ ምስጢራዊ ማኅበራት የወረደ ነው። የእንግሊዝ የጥንቈላ ሕግ በ1951 ከተሻረ በኋላ ጄራልድ ጋርድነር በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ዊካን ለሕዝብ አስተዋወቀ፤ የእርሱ ተከታዮች አራቱን የአየርላንድ ዕለታት ከፀሐይ ዑደት አራት ዕለታት ጋር አጣምረው ስምንት በዓላት ያሉትን የዓመት መንኰራኵር አቆሙ። ጃኔትና ስቱዋርት ፋራር በ1981 ስለ ስምንቱ በዓላት ባሳተሙት መጽሐፍ የብሪድን አልጋ ለቡድን በተዘጋጀ ሥርዓት ውስጥ አስገቡት። ስኮት ከኒንግሃም በ1988 ለብቸኛ አማኝ የጻፈው መመሪያ ደግሞ ቡድን ለሌለው ሰው በሩን ከፈተ። የዛሬው የቤት መሠዊያ በአመዛኙ የዚህ ብቸኝነት ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መደርደሪያ።

የተለወጠውም እዚህ ላይ ነው። የደፉ ሥርዓት ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ ውጭ የሚጣራና ውስጥ የሚመልስ። ብቻውን የሚኖር ሰው ሁለቱንም ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ጥሪው ወደ ጸሎት ይለወጣል፣ ደፉ ይቀራል፣ ልጅቱ አሻንጉሊት ትሆናለች። መስቀሉ በረቱን ይጠብቅ ነበር፤ በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚታይ ምልክት ይሆናል። በእኔ ፍርድ ከሁሉ የከበደው ጉድለት ይህ ነው፤ ሥርዓቱ ከሥራ ተለይቶ ለዕይታ ቀርቧል። ከመሠዊያው ዕቃዎች አንዱ ግን ይህን ተቋቁሟል፤ ጨርቁ። ዛሬም ከመስኮት ውጭ ማደር አለበት፣ ዝናብና ብርድ ያገኘዋል፣ ጠዋት ርጥብ ሆኖ ይሰበሰባል፣ ዓመቱንም በመሳቢያ ውስጥ ይቈያል። አንድ ፓጋን ከየትኛው ልጀምር ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ባይጠይቀኝም፣ ከጨርቁ እለው ነበር።

ሻማው ብቻውን አንድ ገለጻ ይበቃዋል፤ በአጭሩ ላልፈው ነው። ፌብሩዋሪ 2 ምዕራባውያን ክርስቲያኖች ሻማ የሚባርኩበት፣ ጌታ በአርባ ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል ነው፤ ልደትን ታኅሣሥ 29 የምታከብረው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ አርባኛ ቀን የካቲት 8 ታስበዋለች። በኪልዴርም ጄራልድ ዘዌልስ በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዘገበው፣ አሥራ ዘጠኝ መነኮሳይያት በየተራ የሚጠብቁት፣ በሃያኛው ሌሊት ብሪጂድ ራሷ የምትጠብቀው እሳት ነበር። በ1993 የብሪጂዲን ማኅበር እኅቶች መልሰው አቀጣጥለውታል። ስኖውድሮፕን በተመለከተ፣ በብሪታንያ ምድር በዱር መብቀሏ የተመዘገበው በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ «የጥንት» ከሚባሉት የመሠዊያ ጌጦች እጅግ ወጣቷ እርሷ ሳትሆን አትቀርም። አውስትራሊያ ያሉ ፓጋኖች ደግሞ በዓሉን ብዙውን ጊዜ በኦገስት መጀመሪያ ያከብሩታል፤ በጎቹ የሚወልዱት ያኔ ነውና። ይህን ከብዙዎቹ መመሪያዎች ይልቅ ለገበሬው ታማኝ የሆነ ውሳኔ አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

አንድ ተቃውሞ ይቀርባል፦ እነዚህ ሰዎች የካቶሊክ ቤተሰቦችን ሕያው ቅርስ ወስደው ባለቤቱን ሰርዘዋል የሚል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። የአየርላንድ ትምህርት ቤት ልጆች ዛሬም መስቀሉን ይጐነጕናሉ፤ ከ2023 ጀምሮም ለበዓሉ በመንግሥት የዕረፍት ቀን ተሰጥቶታል። መመሪያዎቹ «ጥንታዊ የኬልቶች ሥርዓት» ብለው ሲጽፉ በ1942 ለመጠይቁ መልስ የሰጡትን ሰዎች ከታሪኩ ያወጧቸዋል። ስሕተቱ በመበደር ላይ አይደለም፤ ገበሬዎቹም ከቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያንም ምናልባት ከእነርሱ ተበድራለች። ስሕተቱ አበዳሪውን ባለመጥራት ላይ ነው። ይህ ለፓጋኖቹ ብቻ አይደለም፤ የመስክ ማስታወሻ ይዛችሁ ወደ ሰው ቤት ለምትገቡ ለእናንተም ነው። ዕቃውን ስትመዘግቡ የት እንደ ተሰቀለ፣ ማን እንደ ሰቀለው፣ ጠዋት ማን እንዳወረደውም መዝግቡ።

የቀረኝ አሮጌው መስቀል ነው። በብዙ የአየርላንድ ቤቶች አዲሱ ሲሰቀል የአምናው አይጣልም ነበር፤ ከጣሪያው እንጨት ሥር በየዓመቱ እየተደረደረ፣ በምድጃው ጢስ እየጠቈረ ይቀመጥ ነበር። የዛሬዎቹ መመሪያዎች አብዛኞቹ አሮጌውን አቃጥሉት ይላሉ፤ የኪራይ ቤት ጣሪያ የሌላ ሰው ነውና። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።