በአያቶች ስልክ የሚገባው ማን ነው?

ጎብዬ ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት ጎረቤቴ የሆኑ አያት የልጅ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው በሬን አንኳኩ። ልጁ በትኩሳት ይቃጠላል። «ሲስተር፣ ብደውልልሽ ብደውልልሽ ሂሳብ የለሽም ይለኛል። ካርድ የሞላሁት እኮ ዛሬ ጠዋት ነው!» አሉኝ። «አብሽሩ» ብዬ ልጁን ተቀበልኳቸውና በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ወባ ነበር፤ ታክሞ ዳነ። በጨለማ የባከነው ጊዜ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጁ ካገገመ በኋላ የአያትየዋን ስልክ ተቀብዬ መልእክቶቹን ከፈትኩ። ከአንድ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በየቀኑ ጥቅስና እንቆቅልሽ ሲላክላቸው ከርሟል። በተላከ ቁጥርም ብር ይቆረጣል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ልጁ ጨዋታ ሲፈልግ ነክቶት ሳይሆን አይቀርም።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ እነዚህ አጫጭር ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ የስልክ ኩባንያው የራሱ አይደሉም። ኩባንያው ለሌሎች ድርጅቶችና ለሶፍትዌር ባለሙያዎች በር ይከፍታል፤ እነሱም በዚያ በር ገብተው መልእክት ይልካሉ፣ ክፍያም ይሰበስባሉ።

በሩ ራሱ ክፉ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግብርና መረጃ መስመር 8028 በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ገበሬው በነጻ ደውሎ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ በራሱ ቋንቋ፣ በድምፅ ይሰማል። ኮሮና በገባ ጊዜም የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 በነጻ ሲያገለግለን ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የመጣው ኤምፔሳም ለሌሎች ድርጅቶች በራቸውን ስለከፈቱ ነው ዛሬ ብዙ ክፍያ ቤት ተቀምጦ የሚፈጸመው።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ፈቃድ ነው። በሥራ ዘመኔ ለቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ማንበብ ካልቻለ ወረቀቱን እናነብለታለን፣ እናስረዳዋለን፣ መረዳቱን እንጠይቀዋለን፤ አሻራውን የሚያደርገው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይገባው የፈረመ ሰው ፈቀደ አይባልም። ከድሃ አያት ስልክ በየቀኑ ብር የሚቆርጥ ሰውስ ይህን ያህል መጠየቅ ለምን ያቅተዋል? 8028 ማንበብ ለማይችል ገበሬ በድምፅ መናገር ከቻለ፣ «ይህ አገልግሎት በቀን ይህን ያህል ያስከፍላል፤ ይፈልጋሉ?» ብሎ በድምፅ መጠየቅም ይቻላል። በሩን የከፈተው ኩባንያም የሚያስገባውን ሰው መጠየቅ አለበት።

እስከዚያው እኛ የምንችለውን እናድርግ፦

• በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቡና ሲፈላ፣ ማንበብ የሚችል ልጅ የአያቱን መልእክቶች ጮክ ብሎ ያንብብላቸው።

• ያልተፈለገ አገልግሎት ከተገኘ፣ ማቋረጫው ብዙ ጊዜ በመልእክቱ መጨረሻ ላይ ተጽፏል። ካልገባችሁ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ የሆነ ሰው 994 ደውሎ «አቋርጡልኝ» ይበል።

• ስልኩን ለሕፃን ስትሰጡ፣ ጠፍቶ የማያውቀው ሂሳብም አብሮ እንደሚሰጥ አስቡ።

• የቴሌብርም ሆነ የኤምፔሳ የሚስጥር ቁጥር፣ በመልእክት የሚመጣው ማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም አይነገርም። «ከስልክ ኩባንያው ነኝ» ለሚልም ቢሆን አይነገርም። የቤት ቁልፍ ማለት ነው።

ጎረቤቴ አሁን ካርድ ሲሞሉ ሂሳባቸው ይቆያል። ማታ ማታ አረብ አገር ያለች ልጃቸው ስትደውል «ስልኬ ድኗል» ይሏታል። እኔም ስልኬን ሳልዘጋ አድራለሁ፤ ሌሊት ቢቸግራቸው እንዲደውሉልኝ።