መዝናኛ ቤቱ ሲሰፋ እኛ ምን እንላለን?

በጣና ሐይቅ ዳር ያለ ገበሬ ሐይቁን በብዙ መንገድ ያውቀዋል። ዓሣ ያጠምድበታል። ከብት ያጠጣበታል። ከዳሩ ደንገል አጭዶ ታንኳ ይሠራል። በዚሁ ዳር ደግሞ መዝናኛ ቤቶች ተሠርተዋል። እንግዳ ሐይቁን እያየ ይበላል፤ ይጠጣል፤ ያድራል።

መዝናኛ ቤት ክፉ ነገር አይደለም። ለልጆቻችን ሥራ ይሰጣል። ዓሣችንን፣ እንቁላላችንንና አትክልታችንን ይገዛል። ነገር የሚመጣው ቤቱ ይስፋ ሲባል ነው። ባለቤቱ ክፍል ልጨምር፣ አዳራሽ ልሥራ ይላል። ያን ጊዜ መጠየቅ አለብን። በየት በኩል ነው የሚሰፋው? ቆሻሻ ውሃው የት ይፈሳል? ከብቶቹስ በየት ወርደው ውሃ ይጠጣሉ?

ደንገል ዝም ብሎ የበቀለ ሣር አይደለም። ጎርፍ ያመጣውን ደለል ይይዛል። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው ውሃው ጥልቅ ባልሆነበት በዳር በዳሩ ነው። ዳሩ ተደልድሎ ሕንፃ ከቆመበት ዓሣው መራቢያ ያጣል። ያልተጣራ ቆሻሻ ውሃ ወደ ሐይቁ ከገባ ደግሞ እምቦጭ የሚባለውን አረም ያለመልመዋል። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው አጥማጅ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ ቦታ በሥራው ይለያል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የእርሻ ቦታ አለን፤ የግጦሽ ቦታ አለን፤ የአውድማ ቦታ አለን። በግጦሹ ላይ ማንም ተነሥቶ ቤት አይሠራም። የጣናም አካባቢ እንዲሁ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ማለት ዩኔስኮ፣ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዘገበው። እንዲህ ያለ ሥፍራ በሦስት ይከፈላል። በአንደኛው ተፈጥሮ በጥብቅ ይጠበቃል። በሁለተኛው ተፈጥሮን የማይጎዳ ሥራ ብቻ ይሠራል። በሦስተኛው ሰው ይኖራል፤ ያርሳል፤ ያለማል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ቦታው በየትኛው ክፍል ውስጥ ነው?» የሚለው ነው።

«ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ያገባናል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ሥራ ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 92ም ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወሰን የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን ይግለጽ ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ አካባቢን ሊጎዳ የሚችል ሥራ አስቀድሞ እንዲጠና፣ ጥናቱም ለሕዝብ እንዲገለጽ ደነገገ።

ስብሰባ ሲጠራ ታዲያ ባዶ እጃችንን አንሂድ። አስቀድመን ማስታወቂያውን እናንብብ። ፕላኑን አሳዩን እንበል። ከተቻለ ቦታው ድረስ ሄደን ወሰኑን በዓይናችን እንይ።

ስንናገርም ነገራችን የሚጨበጥ ይሁን። አንድ አጥማጅ «ደንገላችንን አትንኩብን» ቢል ጥሩ ነው። «ከዋርካው እስከ ድንጋዩ ያለው ደንገል የዓሣ መራቢያ ነው፤ ቤቱ ወደ መንገዱ ይስፋ» ቢል ግን የበለጠ ነው። የመጀመሪያው ቅሬታ ብቻ ነው። ሁለተኛው መፍትሔም አለው። ሴቶችም ይናገሩ። ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

ባለቤቱንም እናዳምጥ። እሱም ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ነው። «ከቀበሌው ሰዎች እቀጥራለሁ» ካለ፣ ስንት ሰው? «ቆሻሻውን አጣራለሁ» ካለ፣ በምን? መቼ? «ሌሊት ሙዚቃ አይጮህም» ካለ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ? የሰጠው መልስ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። የቃል ተስፋ ከስብሰባው ጋር ይበተናል። የተጻፈ ግን ነገ ይጠየቅበታል።

በመጨረሻም ፊርማ ይመጣል። ድሮ ማንበብ ሳንችል ጣታችንን ቀለም ነክረን የማናውቀው ወረቀት ላይ እናሳርፍ ነበር። አሁን ግን እናነባለን። የተናገርነው ሳይጻፍ ከቀረ «ይህ ይጨመር» እንበል። ያልተናገርነው ተጽፎ ከሆነ «ይህ ይሰረዝ» እንበል። ከዚያ እንፈርም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ቤት ማፍረስ ለሁሉም ኪሣራ ነው። በስብሰባው ቀን የተጠየቀ ጥያቄ ግን ማንንም አያከስርም፤ ቤቱም ይሰፋል፤ ዓሣውም ይራባል።